ጉንጭ የቻለው ጠርሙስ

አክስቴን ሳስብ ቀድመው የሚታዩኝ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ ነው። ባክቴሪያ የሚያድግበትን ምግብ በጠርሙሱ አፍልተው፣ በረድ ሳይል አንቲባዮቲክ አይጨምሩበትም። "ጉንጭሽ ያልቻለውን ትኩስ መድኃኒቱም አይችለውም" ይሉኝ ነበር።

አብሬያቸው መሥራት የጀመርኩ ሰሞን ቸኩዬ በትኩሱ ጨመርኩ። በማግስቱ ምግቡን ገልብጬ ባክቴሪያ የዘራሁበትን ሳህን ባክቴሪያው ወርሶት አገኘሁት።

"እቴቴ፣ ይሄ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ተላምዶታል!" አልኳቸው።

"መድኃኒቱን የገደልሽው አንቺ ነሽ። ምን ያንቀዠቅዥሻል?"

ያረፉ ዕለት ግን ዘገየሁባቸው። ጦር ኃይሎች ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆይቼ፣ አየር ጤና ቤታቸው ስደርስ ጉንጬን ጉንጫቸው ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቅዟል።

ዛሬ አልቸኩልም። ጠርሙሱን ጉንጬ ላይ አድርጌ፣ ምነው ባይበርድ እያልኩ እጠብቃለሁ።