ተብታባዋ ካሸር

ከልጅነቴ ጀምሮ ቃል አፌ ላይ ይያዝብኛል። ሁሉም ቃል አይደለም። ከ«ደ» እስከ «ዶ» ባሉት የሚጀምር ቃል ሲመጣ ግን ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቃ ትቀራለች፤ አንገቴ ይገተራል፣ ዓይኔ ይጨፈናል፣ የሚሰማኝ ሰው ደግሞ ወይ ይስቃል ወይ ያዝንልኛል። አምበር ከተማ ያሉት ቤተሰቦቼ ከሁለቱም የተለየ ነገር ነበር የሚያደርጉት፤ ቃሉን ይጨርሱልኛል። እናቴማ ገና አፌን ስከፍት የምፈልገውን ታውቀዋለች።

ትምህርት ቤት ስገባ የሚጨርስልኝ ሰው ስላልነበረ ሌላ ዘዴ ለመድሁ። የሚያስቸግረኝን ቃል በሌላ ቃል እተካዋለሁ። «ደብተር» ማለት ሲያቅተኝ «መጻፊያዬ» እላለሁ፤ «ደከመኝ» ማለት ሲያቅተኝ «ትንሽ ልቀመጥ» እላለሁ። አስቸጋሪው ስሜ ነው። ስሜ በ«ደ» ይጀምራል፤ ስም ደግሞ በሌላ አይተካም።

ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ፋርማሲ ለመማር ደብረ ማርቆስ ስገባ በዚህ ዘዴ በደንብ ተክኜ ነበር። ብዙዎቹ የክፍሌ ልጆች ዝምተኛ መሆኔን እንጂ ተብታባ መሆኔን አያውቁም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ላፕቶፕ መግዛት ስለ ፈለግሁ የግማሽ ቀን ሥራ መፈለግ ጀመርሁ፤ ያገኘሁትም ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው።

ባለቤቱን ሁሉም ሰው ሐጂ ይላቸዋል። ቤተሰባቸው ይጁቤ ውስጥ ጨርቅና ቅመም ሲነግድ የኖረ ነው፤ ወደ ማርቆስ መጥተው መደርደሪያና ማቀዝቀዣ ያለው ትልቅ ሱቅ የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ሥራ ልጠይቅ የገባሁ ቀን በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነበር።

«ስምሽ ማነው ልጄ?» አሉኝ።

ተያዘብኝ። የመጀመሪያዋን ፊደል ይዤ ቆምሁ። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ይገምታል፣ ይረዳኛል፣ ወይም ወደ ሌላ ጥያቄ ያልፋል። ሐጂ ምንም አላደረጉም። ብርጭቋቸውን እንደ ያዙ ጠበቁኝ። ስሜ በመጨረሻ ሲወጣ አንድ ጊዜ ደግመው ጠሩትና፣ «መልካም ስም ነው። ሥራው መደርደሪያ መሙላት ነው፤ ከሰው ጋር ብዙም አያናግርሽም» አሉ።

እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ከሰዓት በኋላ ክፍል በሌለኝ ቀን እየመጣሁ ካርቶን እከፍታለሁ፣ ፓስታና ሳሙና እደረድራለሁ፣ ማብቂያ ቀኑ የቀረበውን ዕቃ ወደ ፊት አውጥቼ አዲሱን ከኋላ አስገባለሁ። በክረምት ሰው ከጫማው ጋር ይዞት የሚገባውን ጭቃ መጥረግም የእኔ ነው። ደንበኛ «ዳይፐር የት ነው?» ወይም «ዱቄት አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አልመልስም፤ ቀድሜ እየሄድሁ አሳየዋለሁ። ሰዉም ታዛዥ ልጅ እያለ ያመሰግነኛል።

በዚያው ሴሚስተር መድኃኒት ለታማሚ እንዴት አስረድተን እንደምንሰጥ መማር ጀመርን። አንዱ ተማሪ ታማሚ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሌላው መድኃኒቱን ይዞ ያስረዳዋል። የእኔ ተራ ሲደርስ የተሰጠኝ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። ይህ መድኃኒት ድካም ያመጣል፤ ይህንንም ለታማሚው መንገር አለብኝ። «ድካም» የሚለው ቃል ሲመጣ እንደ ልማዴ ሸሸሁት። «እንቅልፍ ሊያበዛብዎት ይችላል» አልሁ። ቃሉ ቶሎ ስለ መጣልኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቦታዬ ተመለስሁ።

መምህራችን ክፍሉ ሲበተን አስቀሩኝ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት።

«ድካም እንዴት እንቅልፍ ሆነ? ማስታወሻሽ ላይ በትክክል ጽፈሽዋል እኮ።»

ነገርኋቸው። ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር፣ ቃል እንደምቀይር፣ እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ከጓደኛሽ ጋር ስታወሪ ቃል ብትቀይሪ ማንም አይጎዳም። ለታማሚ ግን ቃል መቀየር መድኃኒት ከመቀየር አይተናነስም» አሉኝ። «ከሰው ጋር ብዙ የማያናግር ትምህርት ክፍል አለ። ብትዛወሪ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። አስቢበት።»

ከግቢው እስከ ሱፐርማርኬቱ በእግሬ ነው የሄድሁት። ተናድጄ ነበር፤ በእሳቸው ላይ ግን አልነበረም። ያሉት ልክ ነው። የተናደድሁት ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ብልሃት የያዝሁት ነገር አንድ ቀን ሰው ሊጎዳ እንደሚችል በመረዳቴ ነው። ፋርማሲን ደግሞ እወደዋለሁ። ልተወው አልፈለግሁም። ስለዚህ መተው ያለብኝ ሌላውን ነው አልሁ፤ ቃል መሸሹን። ለዚህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከማላውቀው ሰው ጋር የሚያናግረኝ ቦታ ያስፈልገኛል።

የሱፐርማርኬቱ ካሸር ልትዳር ቀኗ ደርሶ ነበር፤ ከሠርጓ በኋላ ባሕር ዳር ትሄዳለች። ሐጂ በእሷ ቦታ ሰው እየፈለጉ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ሐጂ፣ እኔ ካሸር ልሁን» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እዚያ ጋ ሰው ይቸኩላል። ባጃጅ አቁሞ የሚገባ አለ። ያስቀይሙሻል።»

«ያስቀይሙኝ።»

«ደንበኛም ይሸሽብኛል።»

«ከሸሸ ወደ መደርደሪያው ይመልሱኝ» አልሁ።

ሐጂ ሳቁ። «በይ እሽ፤ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ጀምሪ። እሷ እስክትሄድ አጠገብሽ ትሁን።»

ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ አንድም ቃል አልቀይርም። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር እላለሁ። «ድምሩ ይህን ያህል ነው»፣ «ደረሰኝዎን ይውሰዱ»፣ «ደህና ዋሉ»። ሦስቱም በማይሆንልኝ ፊደል ነው የሚጀምሩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ካሸሯ ራሷ ዋጋውን ብቻ ጠርታ ነው ሰው የምትሸኘው። «ምን አስጨነቀሽ? ማሽኑ ላይ ተጽፎ ያዩት የለም እንዴ!» ትለኝ ነበር። ምክንያቴን ስነግራት ግን ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ግማሹ ሰው ፊቴን ላለማየት ስልኩን ያወጣል። ሌላው ዘወር ብሎ ማስቲካ ያማርጣል። ከሁሉ የባሱብኝ ግን ነጭ ነጠላ የሚያጣፉ፣ ሳሙናና ሻማ ሊገዙ የሚመጡ አንዲት እማማ ነበሩ። የእሳቸው ችግር ደግነታቸው ነው።

«ደ… ደ…» እላለሁ።

«ደብተር?» ይላሉ።

ራሴን እነቀንቃለሁ። «ደ…»

«ደመወዝ? ደመወዝ አልከፈሉሽም እንዴ ልጄ? ኧረ ምን ዓይነት ነገር ነው!» ብለው ሐጂን በዓይናቸው ይፈልጋሉ።

ካሸሯ ሳቋን መያዝ አቅቷት ከመደርደሪያ ኋላ ትደበቃለች። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ዕቃቸውን እንደ ያዝሁ፣ «እማማ፣ እባክዎ ይጠብቁኝ። እኔ ራሴ ልጨርሰው» አልኋቸው። ቅር አላቸው። ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው፣ እስክጨርስ ቆመው፣ ሳይመርቁኝ ወጡ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰውዬ መጣ። ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ወደ ደጀን የሚሄድ መኪና ውጭ ያቆመ ሹፌር ነው። ውሃና ብስኩት ገዛ። ከኋላው ወረፋ አለ። ደረሰኙን ይዤ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ስያዝ፣ አንገቱን ልክ እንደ እኔ ገተረና፣ «ደ-ደ-ደ-ደረሰኝ ነው?» አለ። ወረፋው ሳቀ። ሁሉም አይደሉም፤ ግን የሳቁት ይበቁ ነበር።

ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደሚቀጥለው ሰው ማለፍ እችል ነበር፤ ማንም ምንም አይለኝም። ደረሰኙን ግን አልለቀቅሁትም።

«አልጨረስሁም» አልሁት። ሳቁ ቀዝቀዝ አለ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጀመርሁት፤ ቃሉም እንደገና ተያዘ፣ ጠበቅሁት፣ መጣ። «ደ… ደረሰኝዎን ይውሰዱ። ደ… ደህና ዋሉ።»

ሰውየው ይቅርታ አላለም። ደረሰኙን ነጥቆኝ እየሳቀ ወጣ። ወረፋው እስኪያልቅ ሠራሁና ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ የዘይት ካርቶን ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ካሸሯ ተከትላኝ ገባች።

«አንች ዛሬ ሂጅና እረፊ። የቀረውን እኔ እሠራዋለሁ።»

«አይሆንም» አልኋት። «ዛሬ ከሄድሁ ነገ አልመለስም።»

ፊቴን ታጥቤ ተመለስሁ። በነጋታው ሐጂ ከማሽኑ አጠገብ ከፍ ያለ ወንበር አስቀምጠው ጠበቁኝ። «እግርሽ ይረፍ» አሉኝ። ዘወትር የምትመጣ አንዲት ደንበኛ ግን ሰው እንዲቀይሩ ስትነግራቸው ሰምቻለሁ። ሐጂ ተነሥተው የሴትዮዋን ዕቃ በእጃቸው ፌስታል ውስጥ ከተው በሩ ድረስ ሸኟት። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ሐጂም ወደ መደርደሪያው አልመለሱኝም።

እማማ ግን ተመለሱ። ቅር ብሏቸው የቀሩ መስሎኝ ነበር። ሻማቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን አጣምረው፣ ቤተ ክርስቲያን ስብከት እንደሚሰማ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። ከኋላቸው ሁለት ልጆች ሲያወሩ ዞር ብለው፣ «ዝም በሉ! ልጅቱ እየተናገረች ነው!» ብለው ተቆጡ። ሱቁ በሙሉ ጸጥ ብሎ አፌን ያይ ጀመር። ከሹፌሩ ይልቅ ይኸኛው አስጨነቀኝ። ቃሉ ሲወጣ እማማ፣ «እሰይ!» አሉ። ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ አንደበቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ዕለት ነው።

መንተባተቤ አልተወኝም። የቀነሰውም ትንሽ ነው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ቃሉ ሲያዝ መደንገጥ ተውሁ። ሰው ሲስቅ ምን እንደሚመስል፣ ሲያዝን ምን እንደሚመስል፣ ሲሰለች ምን እንደሚመስል አየሁት፤ ሁሉንም አይቼው ደግሞ ማታ ላይ ማሽኑን ዘግቼ ወደ ዶርሜ እሄዳለሁ፣ በነጋታውም እመጣለሁ።

የሴሚስተሩ ማብቂያ ላይ ፈተናው ታማሚ ማስረዳት ነበር። ፈታኙ እኒያው መምህር ናቸው። ታማሚ ሆኖ የተቀመጠው ሌላ ተማሪ የደም ግፊት ያለበት ሽማግሌ ነኝ ብሎ ጋቢ ለብሷል።

«እንደምን ዋሉ። ስሜ…» ብዬ ተያዝሁ። አልሸሸሁም። ወጣ። ቀጠልሁ። ድካም ሊሰማዎት ይችላል ስል «ድካም» አልሁ፤ ብዙ ቆይቶ መጣ፣ ግን ራሱ ቃሉ ነው የመጣው። መምህሩ ሰዓታቸውን አዩና እጃቸውን አነሡ። ጊዜዬ አልቋል።

«ይቅርታ መምህር» አልሁ፤ «ለታማሚው ያልነገርሁት ነገር አለ። ልጨርስ።»

እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

ወደ ሽማግሌው ዞርሁ። «ሻል ሲልዎት መድኃኒቱን ድ… ድ… ድንገት አያቋርጡት። ልብዎን ይጎዳዋል። ማቆም ሲፈልጉ መጀመሪያ እኛ ጋ ይምጡ።»

መምህሩ ወረቀታቸው ላይ ጽፈው ሲጨርሱ ቀና አሉ። «ጊዜ ስላሳለፍሽ ነጥብ ቀንሻለሁ።»

«ይቀነስ» አልሁ።

«ይዘቱ ላይ ግን የምቀንሰው አላገኘሁም።» ወረቀታቸውን አጥፈው፣ «ከርሞ ሆስፒታል ትወጣላችሁ። እዚያ ታማሚው የእውነት ነው፤ ወረፋውም እንደዚሁ። እወቂው» አሉኝ።

«አውቄያለሁ መምህር።»

ሆስፒታል ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ሰዓቱ ስላልተመቸኝ ከሱፐርማርኬቱ ለቀቅሁ። ሐጂ ሌላ ካሸር እስኪያገኙ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራሁላቸው። የሆስፒታሉ መድኃኒት መስጫ መስኮት መምህሩ እንዳሉት ነበር። ሰው ሌሊት ተነሥቶ ከገጠር መጥቶ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ተሰልፎ ደክሞት ነው የሚደርሰኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገበሬ መድኃኒታቸውን ተቀብለው፣ እኔ አንዱ ቃል ላይ እንደ ተያዝሁ፣ አመስግነው ሄዱ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ፣ «ተያቸው፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፎላቸዋል» አለችኝ። ማንበብ ይችሉ እንደ ሆነ ግን አልጠየቅናቸውም።

በሩን ከፍቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። «አባባ! ይመለሱ! አልጨረስሁም!» ብዬ ጮህሁ። ወረፋው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሰውየው ዱላቸውን ተመርኩዘው ተመለሱ። ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሳቸውም ጠበቁ። ስጨርስ የነገርኋቸውን መልሰው እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። አንዱን ሳቱት፣ አረምሁላቸው፣ እንደገና ነገሩኝ። አሁን ልክ ነበር።

ወደ መስኮቱ ተመልሼ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።