ለሁለት የተከፈለው ቁም ሳጥን

ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ከውጫሌ የተነሳ ፒካፕ የአንድ ማሽን ግማሽ ጭኖ ሐይቅ ከተማ ገባ።

ማሽኑ በጋቢ ተጠቅልሎ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ሰዓቱን የጻፍኩት ከመኪናው ጎን ቆሜ ነው። በዜና ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ መጀመሪያ የምጽፈው ሰዓቱን ነው፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በዚያ ቀን ገጽ ላይ ከሰዓቱ በታች አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «እህቴ፣ ሰባት ቀን ቀራት።»

ታናሽ እህቴ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ነበር። በመጀመሪያው ወሊድ ብዙ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። የደሟ ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ በቀላሉ አይገኝም፤ ለእሷ ደግሞ ከዚያ ሌላ አይሆናትም። የእኔን አስመርምሬያለሁ፣ አይሆንም። ደሴ የሚከታተላት ሐኪም በቀዶ ጥገና እንድትወልድ ወስኖ ለጥር 27 ቀጠራት። ከክፍሉ ስንወጣ ለእኔ ለብቻዬ፣ «የእሷ ዓይነት ደም አሁን ደም ባንኩ ውስጥ የለም። ሳትገባ በፊት ሁለት ሰጪ አምጡ» አለኝ።

ሁለት ሰው የት እንደሚፈለግ የሚያውቀው ያ ማሽን ነበር። ማሽኑ ደግሞ ለሁለት ተከፍሏል። ሲከፈል እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አጨብጭቤያለሁ።

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀበራል፣ በአንድ ድንኳን ይለቀሳል። የደም ዝርዝር የመያዙን ሐሳብ ያመጡት ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጆች ናቸው። እዚያ ለሥራ ሲገቡ ደማቸው ተመርምሮ ዓይነቱ በወረቀት ተሰጥቷቸዋል። «እኛ አገር ሰው ደሙን የሚያውቀው ሊሞት ሲል ነው» ብለው የሐይቁንና የውጫሌውን ቅሬ አስማሙ። ቤት ለቤት ዞረው ፈቃደኛውን እያስመረመሩ በስልካቸው መዘገቡ። የሰው ደም የሰው ምስጢር ነውና ዝርዝሩን የሚላክልን ማሽን ብቻ እንዲከፍተው አድርገው ቆለፉት፤ ስልካቸው ላይ እንኳ አይነበብም።

ማሽኑን የላከው እዚያው የቀረ አንድ የሐይቅ ልጅ ነው። የሚሠራበት ድርጅት አዲስ ሲገዛ አሮጌውን እሱ ወሰደው። ቁመቱ የሰው ደረት ይደርሳል፤ ጥቁር ነው፤ በር አለው። ሰዉ ቁም ሳጥን አለው። ከላይ አንድ ኮምፒውተር፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከታች የዲስክ መሳቢያ፣ በመካከሉ በየቀለሙ የተዘረጋ ገመድ። መዝገብ የሚይዘው ዳታቤዝም፣ መልእክት የሚያቀባብለው ሚድልዌር የሚሉት ፕሮግራምም ለተከላ ተሰናድተው ፋብሪካው ውስጥ የገቡበት ነው። ልጁ በድምፅ መልእክት፣ «ምንም አትንኩ፤ ኮምቦልቻ የምትሠራ ባለሙያ አነጋግሬያለሁ፤ እሷ መጥታ ትተክለዋለች» ብሎ ነበር። መልእክቱን ሁላችንም ሰምተነዋል።

ባለሙያዋ እስክትመጣ ግን የት ይቀመጥ የሚለው ተነሳ። ሐይቆች መብራት እኛ ጋ ይሻላል አሉ። ውጫሌዎች ብዙ ስም ያስመዘገብነው እኛ ነን አሉ። ሦስት ሰዓት ያህል ተወራ፣ አንድም ሰው አልተቆጣም። በመጨረሻ የሐይቁ ቅሬ መሪ፣ ዳኛ የምንላቸው፣ ዕቃውን ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ «ኮምፒውተሩ ሁለት ነው። እኛም ሁለት ነን። ምኑ ያጣላናል?» አሉ። ሰዉ በጋራ የተገዛ ድንኳን፣ ሰሃን፣ አግዳሚ ለሁለት ሲካፈል የኖረ ነው፤ ፍርዱ ለሁሉም ትክክል ሆኖ ታየው። ብሎን መፍቻ መጣ። የላይኛው ኮምፒውተር ከገመዱ እኩሌታ ጋር ውጫሌ ሄደ። ሁለቱም ጋ ሶኬት ተሰካ፣ ሁለቱም ጋ አረንጓዴ መብራት በራ።

እኔም ሁለቱንም ቦታ ሄጄ መብራቱን በዓይኔ አይቼ፣ ማሽኑ በሁለቱም ከተሞች ሥራ ጀምሯል ብዬ ዘገብኩ። ያየሁት መብራት ነበር፤ የጻፍኩት ሥራ ነበር።

ባለሙያዋ የመጣችው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ዕለት ነው፤ ከዓመት ፈቃዷ ላይ ቀንሳ። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ቦርሳዋን ሳታወርድ የቁም ሳጥኑን በር ከፈተች።

«የላይኛውስ?» አለች።

«ውጫሌ» አሉ ዳኛው።

«ምን ሊያደርግ?»

«ሊሠራ ነዋ። ድርሻቸው ነው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አባባ፣ በሬ ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ልታርሱበት ነው?»

ዳኛው ጢማቸውን ያዙ። እኔ፣ «መብራቱ ግን አረንጓዴ ነው» አልኩ።

«አረንጓዴ ማለት ኤሌክትሪክ ደርሶኛል ማለት ነው፣ ጋሼ። አምፖል የበራበት ቤት ሁሉ ሰው አለበት?»

ይህን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እዚያው ገጽ ላይ የራሴን ዜና ቀንና ሰዓት ጽፌ በላዩ መስመር ሰረዝኩበት።

በትዕግሥት አስረዳችን። ክፍሎቹ ፋብሪካ ውስጥ ተለካክተው የተጋጠሙ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቁጥር ያውቃል። ተከላው ሲጀመር መጀመሪያ ራሱን ይቆጥራል፤ የጎደለ ካለ አንድ እርምጃ አይሄድም። ስሞቹን የሚይዘው ዳታቤዝ ያለው ታች፣ ከዲስኩ ጋር ነው። ላይኛው ላይ ያለው ሚድልዌር ጥያቄውን ተቀብሎ ታች ያደርሳል፣ መልሱን ይዞ ወደ ሰዉ ስልክ ይልካል። «አንዱ ጭንቅላት፣ አንዱ ጆሮና አፍ ነው» አለች። «አሁን ውጫሌ ያለው አፍ የሚናገረው የለውም።»

«በዚህ በግማሹ አይሆንም?» አልኳት።

«አፍርሼ እንደ ተራ ኮምፒውተር ልሠራው እችላለሁ። አንድ ወር ስጡኝ።»

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ነበር የቀረን። ዳኛው ስለ እህቴ ያውቁ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ወዲያው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

ሰኞ ጠዋት ዳኛውና እኔ በሚኒባስ ውጫሌ ሄድን። የውጫሌው ቅሬ ዳኛ ገበሬ ናቸው፤ ከማሳ ጠርተዋቸው መጡ። የእኛው ዳኛ ሰላምታውን እንደጨረሱ፣ «አያ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያካፈልኩት ነገር የማይካፈል ሆኖ ተገኘ» አሉ።

«እኛስ አብረን አይደል ያካፈልነው?»

«ሐሳቡ የኔ ነው። ወላሂ፣ ድንኳን መስሎኝ ነው።»

የውጫሌው ዳኛ ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ ሰዉ ድርሻችንን አሳልፈው ሰጡ ይለኛል አሉ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ልጆቻቸው አምባሰል ገደል ለገደል ዞረው ነው ያን ሁሉ ስም የሰበሰቡት። ስለ እህቴ ላለመናገር ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። በምዘግበው ነገር ላይ የራሴን ጉዳይ አላስገባም። የተናገሩት የእኛው ዳኛ ናቸው።

የውጫሌው ዳኛ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተ እህት ናት?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«መቼ ነው?»

«የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ።»

«ለቀብር ስትጠሩን ቀርተን አናውቅም» አሉ። «ለወሊድ ሲሆን ነው የምንቀረው? ውሰዱት። ግን እንዲህ ይሁን፤ ዕቃው ሐይቅ ይቀመጥ፣ የበሩ ቁልፍ እኛ ጋ ይሁን። ሲያስፈልግ ሰው እንልካለን።»

«አላህ ይስጥልኝ» አሉ የእኛው፤ በቁልፉ አልተከራከሩም።

ፒካፑ ማክሰኞ ሐይቅ ሲደርስ ወደ ቅሬው ቤት የሚያስገባው መንገድ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ ነበር። ባጃጅም አያልፍም። ለእንዲህ ያለው ቀን ቅሬው ያለው አንድ መሸከሚያ ነው፤ የአስከሬን ቃሬዛው። አራት ሰው ማሽኑን በፍራሹና በጋቢው ቃሬዛው ላይ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣ። ከየሱቁ ሰው ብድግ ብድግ አለ። ኮፍያ ወረደ። አንዲት ዓሣ ሻጭ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ «ኢና ሊላሂ፤ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ኮምፒውተር ነው፣ እትዬ» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ።

«ምን ነክቶት?»

«ሊድን ነው።»

«እናንተ ደግሞ ሰው አታስደንግጡ» ብላ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች።

ባለሙያዋ ከላይኛው ጋር የሄደውን ገመድ ስትቆጥር አንድ ጎደላት፤ ሰማያዊው። ውጫሌ ተደወለ። ገመዱ የዕቃ ቤቱን በር አስሮ ተገኘ። አንድ የሚኒባስ ረዳት ይዞት መጥቶ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእጇ ሰጣት። አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ማሽኑ ራሱን ቆጠረ፤ የጎደለ የለም አለ። 

ረቡዕ ጠዋት ዳታቤዙን መትከል ጀመረች። እኩሌታው ላይ መብራት ጠፋ። ዳኛው ከመስጊድ ጄነሬተር አስመጡ፤ ነዳጁን የሞላው የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨረሰች፣ ምሳ አልፈልግም ብላ ወደ ሚድልዌሩ ገባች። እኔ ማራገቢያውን ወደ ማሽኑ አዙሬ ያዝኩ፤ መያዣው የተሰበረ ስለነበር የሚይዘው ሰው ያስፈልግ ነበር።

«ይህችን ለምታህል ዝርዝር ልጁ ዝሆን ነው የላከላችሁ» አለችኝ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

«ዝሆኑ ይነሳል?»

«አብሽር፣ ጋሼ። ከተገጣጠመ ይነሳል።»

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ዝርዝሩ ተከፈተ። ኦ ኔጌቲቭ ብላ ፈለገች። ከሐይቅ ሁለት፣ ከውጫሌ አምስት ቁጥር ወጣ። ከሐይቁ ሁለት አንዱ እህቴ ራሷ ነበረች።

መልእክቱን ስትጽፍ ዳኛው አስቆሟት። «‹ቅሬ ይጠራዎታል› ብለሽ ብቻ አትተይው። ሰው ይደነግጣል። የሞተ የለም በይ።» እንዲህ ሆኖ ተላከ፦ «ቅሬ ይጠራዎታል። የሞተ የለም። ደም የሚያስፈልጋት እናት አለች። ዓርብ ደሴ መሄድ ይችላሉ?»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሦስት መልስ መጣ። አንደኛው ጂዳ ነኝ፣ ይቅርታ የሚል ነበር። ሁለቱ እሺ አሉ። ሁለቱም ከውጫሌ ዝርዝር ናቸው።

ዓርብ ደሴ ደም ባንኩ ያገኘኋቸው ሁለት ሰዎች እነዚህ ናቸው፤ ከሪያድ ተመልሳ ልብስ የምትሰፋ ሴትና ከገደሉ ላይ ወደ አስፋልቱ ሦስት ሰዓት በእግሩ የወረደ ገበሬ። ገበሬው ጋቢውን ለለቅሶ ዘቅዝቆ ነበር የለበሰው።

«የሞተ የለም ይላል እኮ መልእክቱ» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«ስልኩ የልጄ ነው። ‹ቅሬ ይጠራሃል› አለችኝ፤ ዓርብ ደሴ መሆኑን ጠይቄ ወጣሁ። ሌላውን አልጠበቅሁም።»

«አሁን ሲገባህስ? ትመለሳለህ?»

«መጥቼ የለ እንዴ» አለና ጋቢውን አቃንቶ ለበሰ። መርፌውን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እሷ እስኪያልቅ ስለ ሪያድ ሙቀት አወራችለት።

ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው አላወቅሁም። ሥራዬ ቃል ነው፤ የዚያን ቀን ግን ያገኘሁት «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ፣ «አሚን» አለች። ገበሬው የሚኒባስ ዋጋ ልክፈል ስለው እንቢ አለኝ፤ ከእኔ የተቀበለው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ነው። ባለሙያዋም ያን ዕለት ወደ ኮምቦልቻ ስትመለስ ከዳኛው የተቀበለችው በቅጠል የተጠቀለለ የሐይቅ ዓሣ ብቻ ነው። እስካሁን ሥራዬን ስጀምር የእነዚህ ሰዎች ፊት ይመጣብኛል። ማጣራት የሚባለውን ነገር ከዚያ በፊት የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ማስተካከያ ዘገብኩ። ማሽኑ በሁለቱም ከተሞች ሥራ ጀምሯል ያልኩት ስሕተት እንደነበረ፣ ሥራ የጀመረው ረቡዕ ጥር 21 ቀን፣ በሐይቅ ብቻ፣ ሁለቱ ክፍሎች ከተገናኙ በኋላ መሆኑን ተናገርኩ። ቁልፉ ውጫሌ መሆኑንም ጨመርኩ። የውጫሌው ዳኛ ደውለው፣ «እሱን ማለትህ ጥሩ ነው» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እህቴ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ለእህቴ አንድ ከረጢት ደም ተሰጣት። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስለ ሁለተኛው ከረጢት ደም ባንኩ ደውዬ ጠየቅሁ። ለሌላ ወላድ ተሰጥቷል።