ሆዴ ላይ የዘለለችው ኮፍያ

በ2010 ዓ.ም. ሰባ ዓመቴ ነበር። ስንዴው ደርሶ ኮምባይነር ስንጠብቅ ማሳው ዳር በጀርባዬ ተጋደምኩ። ኮፍያዬን ሆዴ ላይ ብጥላት ትዘላለች። አነሳኋት፤ ከሥሯ ምንም የለም። መልሼ ሳስቀምጣት ዘለለች።

ታላቅ ወንድሜ አጠገቤ ነበር። «ይሄማ የእኔም ሆድ ያደርገዋል። የአባታችን ነው» አለ። አባታችን ሆዴን ብሎ በዚያው ቀን የሞተ ሰው ነው።

ልጄ ይህን ስትሰማ ጎባ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ በመሣሪያ አየና «አባባ፣ ከልብዎ የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ ሆድዎ ውስጥ እንደ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ አብጧል። ከፈነዳ አንደርስልዎትም። ወንድም ካለዎት እሱም ይምጣ» አለኝ።

ወንድሜ «ሆዴን ቢላዋ አይነካውም» ብሎ ቀረ።

እኔ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሆዴን አልቀደዱኝም። በብሽሽቴ በትንሽ ቀዳዳ ገብተው፣ የተጣጠፈ ቱቦ በደም ቧንቧው ውስጥ ወደ ላይ ገፍተው ያበጠው ቦታ ላይ ዘረጉት። ደሙ አሁን በቱቦው ያልፋል፤ ያበጠውን አይገፋውም። ብዙም ሳልቆይ ሮቤ ቤቴ ገባሁ።

ሊጠይቁኝ የመጡ ሽማግሌዎች ጠባሳ ፈለጉ። ሸሚዜን ገለጥኩላቸው፤ ምንም የለም።

«የታለ?»

«ከታች ነው።»

«አሳየን እንጂ!»

ከእንብርት በታች በሃይማኖታችን ዓውራ ነው፣ ለሰው አይገለጥም። እነሱም ያውቃሉ፤ ግን ጠየቁ።

ወንድሜ «ወላሂ፣ አስተኝተው ሸኝተውሃል! በግ እንኳ ሲታረድ ምልክት አለው» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እሱ ካላመነኝ አይሄድም፤ ካልሄደ እንደ አባታችን ነው።

ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረሁት። ምንጣፉ ላይ በጀርባዬ ተኛሁና ያቺኑ ኮፍያ ሆዴ ላይ አደረግኳት። ጎንበስ ብሎ አያት። ዝም አለች።

«ትንፋሽህን ይዘህ ነው።»

ተነፈስኩ። ከፍ ዝቅ አለች እንጂ አልዘለለችም።

«አሁን እርስዎ ይተኙ፣ ኦቦ» አልኩት።

እያጉረመረመ ተኛ። ኮፍያዋን ሆዱ ላይ ባደርጋት ዘለለች። በእጁ ወደ ብሽሽቱ አመለከተ።

«በዚያ በኩል ነው የሚገቡት?»

«በዚያ በኩል።»

«ሐኪሙ ሴት ናት ወንድ?»

«ወንድ ነው።»

«እሺ፤ ኮፍያህን አንሳልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ሱብሂ ሰግደን ጎባ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አስገባሁት። እሱን ወደ መስኮቱ አድርጌ እኔ በበሩ በኩል ተቀመጥኩ፤ እንዳይወርድ።