ዕርቃችንን ያላፈረሰ በቀል

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር፣ በአንድ ሐሙስ ቀን፣ መርሳ ውስጥ ነው። የማልረሳው ኮምፒውተሬ ስለተበላሸ አይደለም፤ የኔ ኮምፒውተር መበላሸት ልማዱ ነው። የማልረሳው በሕይወቴ አንድ ጊዜ የተሟላ በቀል የተበቀልኩበት ቀን ስለሆነ ነው። "ይቅርታ ይሻል ነበር" የሚል አንባቢ ካለ ምክሩን ለራሱ ያቆየው። ስለ ይቅርታ እኔም ሁለት ድርሰት ጽፌያለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የላፕቶፔ ማራገቢያ እየጮኸ አስቸገረኝና ደምሴ ዘንድ ወሰድኩት። ደምሴ ዋናው መንገድ ዳር ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ፣ ኢንተርኔት የሚያስጠቅም ጎልማሳ ነው። እኔ የምጠቀመው ሁሉም ሰው የሚጠቀምበትን ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ነው። ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አለማድረግ ከልጅነቴ የያዘኝ በሽታ ነው፤ ስልኬም እስከ ዛሬ ባለ ቁልፍ ነው።

በማግስቱ ስመለስ ደምሴ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ።

"ጋሽ ይመር፣ ማሽንዎን ቫይረስ ጨርሶት ነበር። ስከፍተው ጥቁር ሆኖ ፊደል ብቻ ያዘንባል። አጽድቼ ዊንዶውስ ጫንኩልዎ። ለእርስዎ በነጻ ነው።"

ያ የሚዘንበው ፊደል ሊኑክስ ሲነሳ የሚያሳየው ነው እንጂ ቫይረስ አልነበረም። እሱ "ያጸዳው" ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ጽሑፌን ነው፤ ተጠናቆ አሳታሚ የሚጠብቅ መጽሐፌም እዚያ ውስጥ ነበር። ሌላ ቅጂ አልያዝኩም ነበር። ስለ ጥንቃቄ የጻፍኩት መጣጥፍም አብሮ ጠፋ።

"ጋሽ ይመር፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ..." ሲለኝ፣ "ዝም በል፣ አንተ የቀጥቃጭ ልጅ!" ብዬ ጮህኩበት።

ሱቁ ሰው ሞልቶበት ነበር። አባቱ ማረሻና ማጭድ እየሠሩ ግማሹን የሀብሩ ወረዳ ያሳረሱ ባለሙያ ናቸው። እኔ ደግሞ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የምጽፍ ሰው ነኝ። የደምሴ ፊት ተለወጠ።

"እሺ" አለ፣ "ዝም እላለሁ።"

ነገሩ ሊከር ሲል ሽማግሌ ገባ። ሸህ ሙሄ ሁለታችንንም ፊት ለፊት አስቀመጡን። "አንተ የሰው ድካም አጠፋህ" አሉት ደምሴን። ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተም የሰው አባት ሰደብህ። የትኛው እንደሚብስ አላህ ያውቃል" አሉ። እጅ ለእጅ አጨባበጡን። ከዚያም በእኛ አገር ዕርቅ የሚታሰርበትን ቃል ተናገሩ፦

"ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር በአፉ ያነሳ ቤቱ አይቁም፤ የዘራው አይብቀል።"

"አሚን" አልን። የተቀመጠው ሁሉ "አሚን" አለ። በዚህ ቃል የሚቀልድ ሰው መርሳ ውስጥ የለም፤ በምንም የማላምነው እኔ እንኳ አልቀልድም። አፌ ታረቀ። ሆዴ አልታረቀም።

ሦስት ዓመት ቁጭ ብዬ የጠፋውን መጽሐፍ ከትዝታዬ እንደገና ጻፍኩት። እያንዳንዱን ምዕራፍ ስጨርስ ደምሴን አንድ ጊዜ እረግማለሁ፤ ምዕራፉ አሥራ ዘጠኝ ነው። በመጨረሻ አንድ አሳታሚ ተገኘ። "ሐሙስ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በኢሜል ካልደረሰኝ ተራህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" አለኝ። ሰውየው ቃሉን የሚያከብር ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተራዬን ለሌላ ሰጥቷል።

እንግዲህ ብልህ ሰው በእንደዚህ ያለ ቀን ኮምፒውተሩን አይነካም። እኔ ግን ሐሙስ ጠዋት ስከፍተው መልሼ የጫንኩት ሊኑክስ "አዲስ ሲስተም ደርሷል፤ ላሻሽልህ?" ሲለኝ እሺ አልኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወርድና ሲጭን ቆየ። ተዘግቶ ሲከፈት ሁሉም ነገር አምሮበታል። ኢንተርኔት ግን የለም።

እኛ ዘንድ ኔትወርክ ሲጠፋ ጥፋተኛው ምንጊዜም ሌላ ነው። እኔም አንድ ሰዓት ሙሉ መስመሩን ረገምኩ። ጎረቤቴ ዘሀራ በአጥሩ በኩል ሰምታኝ ኖሮ፣ "ኧረ ይሠራል ጋሽ ይመር! ልጄ ከጅዳ በቪዲዮ እያወራችኝ አይደል?" አለችኝ። ያኔ ወደ ራሴ ማሽን ዞርኩ። አዲሱ ሲስተም የዋይፋይ ካርዴን አያውቀውም። ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያስተዋውቀው ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ከአሮጌው ጋር ቀርቷል። የላፕቶፔ የኢንተርኔት ኬብል መሰኪያም ከተሰበረ ዓመት አልፎታል። ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ሳጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ ውስጡ ቀረ ማለት ነው።

በኋላ እንደተነገረኝ የዘሀራን ስልክ በኬብል ማገናኘት ብቻ ይበቃ ነበር። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ፈላስፋ ይህን ከየት ያውቃል?

ስምንት ሰዓት ሆነ። ወልድያ ደርሼ ልመለስ ብል ሚኒባሱ እስኪሞላ ቀኑ ያልቃል። ከደምሴ ሌላ ያለው ኢንተርኔት ቤት ባለቤቱ ልጁን እየዳረ ስለነበር ተዘግቷል። የቀረው ደምሴ ብቻ ነው።

መጽሐፉን በፍላሽ ይዤ ሄጄ ከዚያው ብልከው በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን መጽሐፌ ዳግመኛ የዚያን ሰው ማሽን እንዳይነካ ምያለሁ። ባዶ ፍላሽ ይዤ ሄድኩ።

"ጋሽ ይመር! እንዴት ዋሉ? ምን ልታዘዝ?"

"አንድ ፋይል ላወርድ ነው።"

"ሊኑክስዎ ታመመ እንዴ?"

"አልታመመም። አዲስ ልብስ ለብሶ ሰው መለየት አቃተው።"

ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። ደምሴም ሳቀና፣ "ከከፋማ ዊንዶውስ ልጭንልዎት እችላለሁ። ለእርስዎ በነጻ ነው" አለ።

የሳቁት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ነገሩን ሁሉም ያውቀዋል። ቃሉን አልጣሰም፤ ድንበሩን ግን በእግሩ ጫፍ ነካው። እኔም ምላሴን ነክሼ ፋይሌን አውርጄ ወጣሁ። ጆሮዬ እስከ ቤት ድረስ ሲግል ይሰማኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ድራይቨሩን ልጭን ስል፣ "ሌላ አንድ ፋይል ከሌለ አልጫንም" አለኝ። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ተመልሼ ሄድኩ።

"ተመለሱ?" አለ ደምሴ፣ ከሳቁ ጋር እየታገለ። ደንበኞቹ ማሽኖቹን ሁሉ ይዘዋቸው ስለነበር እሱ በሚሠራበት፣ ባንኮኒው ላይ ባለው ኮምፒውተር አስቀመጠኝ። ራሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለአንድ ገበሬ የመሬት ደብተር ኮፒ ማንሳት ጀመረ።

ፋይሉ ወረደ። ያስቀመጠበትን ቦታ ፍለጋ ዲስኩን ስከፍት በስሜ የተጻፈ ፎልደር አየሁ። "ጋሽ ይመር" ይላል። ከፈትኩት። የአሥራ ሁለት ዓመት ጽሑፌ፣ መጽሐፉም ጭምር፣ አንድም ሳይጎድል ተደርድሯል። የተቀመጠበትን ቀን አየሁ። ላፕቶፔን ያስረከብኩበት ቀን ነው። ሳያጠፋው በፊት ገልብጦታል ማለት ነው።

"አንድ ጊዜ ይስሙኝ" ያለኝ ትዝ አለኝ። ሊነግረኝ ነበር። እኔ ዝም በል አልኩት፤ እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አለልኝ። በሽምግልናውም ቀን ድካሜን አጠፋህ ሲባል አንገቱን ደፍቶ ጥፋተኛ ነኝ አለ እንጂ ስለ ቅጂው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ በኋላማ ቃሉ ታሰረ። መጽሐፉን እንደገና የጻፍኩት ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ነበር፤ በየቀኑ ያየኝ ነበር። በየቀኑም "ጋሽ ይመር፣ በርቱ" ይለኝ ነበር።

መጮህ አማረኝ። ግን "ይህ ምንድን ነው?" ብዬ ብጠይቀው ዕርቁን ያፈረስኩ፣ ቤቴ እንዳይቆም የተረገምኩት እኔ እሆናለሁ። ሸህ ሙሄ ግን በአፉ ያነሳ አሉ እንጂ በእጁ ያነሳ አላሉም።

ፎልደሩን ወደ ፍላሼ ገለበጥኩ። ከዚያ ከደምሴ ዲስክ ላይ ሰረዝኩት። የተሰረዘው የሚጠራቀምበትንም ቅርጫት ባዶ አደረግኩ። ሦስት ዓመት ደብቆ በሆዱ ሲስቅብኝ የኖረበትን መሣሪያ ከእጁ ነጠቅኩት። አንድ ቀን ከፍቶ ሲያጣው "የት ሄደ?" ብሎ ማንንም መጠየቅ አይችልም። የታሰርኩበት ቃል እሱንም አስሮታል።

"ተሳካልዎ?" አለኝ ስነሳ።

"በደንብ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ከልቤ ነበር ያመሰገንኩት።

ቤት ገብቼ ሁለቱን ፋይሎች በቅደም ተከተል ጫንኩ። ማሽኑን አጥፍቼ ሳበራ የሰፈሩ ዋይፋዮች ስም አንድ በአንድ ብቅ አለ። መጽሐፉን የላክሁት ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ነው። አሳታሚው "ደርሶኛል" አለኝ፤ ከዚያ በላይ ቃል አላወጣም።

በማግስቱ ጠዋት የድሮውን መጽሐፍ አነበብኩት። ባላነብበው ይሻል ነበር። በየገጹ አንድ የውጭ አገር ሊቅ ይጠቀሳል፤ ለአንድ ሐሳብ ሦስት አንቀጽ ይባክናል። ትዝታዬ ከእኔ የተሻለ አርታኢ ኖሯል፤ መቅረት ያለበትን ሁሉ ትቶታል። ስለዚህ መጽሐፉን ያሻሻለልኝ ደምሴ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ደምሴ ጋዜጣ የማያነብ ሰው ስለሆነ እዚህ ጋዜጣ ላይ ብጽፈውም አይደርሰውም። ለጠላት ውለታ ከመክፈል ዕዳ ይዞ መሞት ይሻለኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ገበያ ውስጥ ብርቱካን ስመርጥ አገኘኝ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

"ጋሽ ይመር፣ ኮምፒውተርዎ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ያንተስ?"

"የኔማ" አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "ከጥር ወዲህ ቦታ ሰፍቶት ይፈጥናል።"

እሱም ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ብርቱካኔን ይዤ ስሄድ ከኋላዬ፣ "በርቱ!" ሲለኝ ሰማሁ።

ዕርቃችን እስከ ዛሬ እንደጸና ነው።