የሰውዬው ድምፅ

ጽጌረዳን «አቅምሽን ቆጥቢ» ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። ማን ጠየቀኝ? ግቢ ስለምንጋራ፣ እኔም ጡረታ የወጣሁ መምህር ስለሆንኩ ያገባኛል አልኩ።

ባሏ በሥራ ጂንካ ነው። እሷ ጠዋት ጠዋት ጫኖ ገጠር ትምህርት ቤት ሄዳ ስድሳ አምስት ልጆች ታስተምራለች፤ ቅዳሜና እሁድ ለማስተርሷ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር። ከምሳ በኋላ ልጇን ኖላዊትን ለማስተኛት እሹሩሩ ስትል ድምፅዋ እየተቆራረጠ ያስቸግራት ነበር።

«ጉሮሮሽን አትጨርሺ» አልኳት። «የመምህርሽን ትምህርት በስልክሽ ቅጂና አጠገቧ ክፈቺው። አንቺ ታጠኛለሽ፣ እሷ ትተኛለች።»

ሠራ። መምህሩ ስለ ሥርዓተ ትምህርት ሲተነትን ልጅቷ በእንቅልፍ ጭልጥ ትላለች፤ እናትየው ጎኗ ጋደም ብላ ደብተሯን ታገላብጣለች።

«ጋሼ ይበልጣል፣ በርስዎ ምክር ነው የተረፍኩት» ትለኝ ነበር። እኔ ሞኙ ደረቴን ነፋሁ።

ባለፈው ሐምሌ ተመረቀች። በሳምንቱ ከሰዓት ሸሚዜን ላሰጣ ስወጣ በመስኮቷ በኩል እሹሩሩ ስትል ሰማኋት። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። ድምፅዋ ሻካራ ቢሆንም አንጀት ይበላ ነበር።

ኖላዊት ግን ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ ዝም በይ! ሰውዬውን ክፈቺልኝ!»

ጽጌረዳ ዘፈኗን አቋረጠች። እኔ እርጥብ ሸሚዜን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ የመምህሩ ድምፅ ከስልኩ መጣ፦ «እሺ፣ ባለፈው ካቆምንበት እንቀጥላለን።»