ከታች ጀምሮ የሚያነበው የኋላሸት

የኋላሸት ወልደ ሚካኤልን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክርለታል፤ የጀመረውን ሳይጨርስ አይነሣም። ነገሩ ሙገሳ ይመስላል። ሚስቱን ጤናዬን ጠይቋት፤ ሙገሳ አለመሆኑን አንድ በአንድ ታስረዳችኋለች።

ያደገው ደብረ ወርቅ ነው። እስከ አሥራ አምስት ዓመቱ የኔታ ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ዳዊት ደግሟል። የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ከጆሯቸው ግን የሚያመልጥ አልነበረም። ተማሪ አንዲት ቃል ከዘለለ፣ መቶኛው መዝሙር ላይ ቢደርስም እንኳ፣ ከመነሻው ያስጀምሩታል። የሰኞውን ድርሻ ያልደገመም የማክሰኞውን አይነካም። ይህ ሥርዓት ለዳዊት ደግ ነው። ጣጣው የመጣው የኋላሸት ያንኑ ሥርዓት ይዞ ኢንተርኔት ውስጥ የገባ ዕለት ነው።

በ2003 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ የኢንተርኔት መስመር ያላት አንዲት ኮምፒውተር ነበረችው። እሷን ሊጠግን የመጣ ደመላሽ የሚባል ባለሙያ «ሪደር» የሚሉትን ነገር አሳየው። የምትወዳቸውን ድረ ገጾች አንዴ ታስመዘግባለህ፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ሪደሩ ራሱ ለቅሞ አንድ ቦታ ያከማችልሃል፤ በየደጁ መዞር ቀረ ማለት ነው። ያልተነበበው ርእስ ደመቅ ብሎ ይታያል፤ ሲነበብ ይደበዝዛል። ጥግ ላይ ደግሞ ስንት ጽሑፍ ሳይነበብ እንደቀረ የሚናገር ቁጥር አለ። ደመላሽ ይህን አሳይቶ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

የኋላሸት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሠላሳ አራት ድረ ገጽ አስመዘገበ። ዜና አለ፣ የጤና ምክር አለ፣ የገዳማት ታሪክ አለ፣ አንድ ቀፎ ሳይኖረው የንብ እርባታ እንኳ አለ። በቀን ስድሳ ሰባ ጽሑፍ ይወርድበት ጀመር። አዲሱ የሚቀመጠው ከላይ ነው፤ ጤነኛ ሰው ከላይ ከላይ ያለውን ቃኝቶ፣ የፈለገውን አንብቦ፣ የቀረውን ትቶ ይነሣል። እሱ ግን የሚጀምረው ከታች፣ ከአሮጌው ነው። ርእሱ ቢያስጠላውም ያነበዋል። መስመሩ እየተንቀረፈፈ፣ መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ አርባ ሲጨርስ ስድሳ ይጨመርበታል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንደተነበበ የሚያስቆጥር ቁልፍ መኖሩን ደመላሽ በስልክ ነግሮት ነበር፤ ያላነበብኩትን አንብቤአለሁ ብዬ አልዋሽም አለው። ቁጥሩ ስምንት መቶ ሲያልፍ ምሳውም አልጥመው አለ። የሚጽፉትን ሰዎች፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብዕራቸው ቢደርቅ እያለ ያማርራቸው ነበር።

ይህ ሁሉ የራሱ ራስ ምታት ሆኖ ቢቀር ማን ምን አገባው! ጤናዬ ግን ሉማሜ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ከተጋቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብረው የሚያድሩት ቅዳሜና እሑድን ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ የነርስ ቦታ ከተከፈተ ትመጣለች ተባብለዋል። ከሠላሳ አራቱ አንዱ ድረ ገጽ በአካባቢው የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን የሚለቅም ነበርና፣ እሷ ዘንድ ኢንተርኔት ስለሌለ፣ መከታተሉ የእሱ ድርሻ ሆነ። በየቅዳሜው ትጠይቀዋለች፤ በየቅዳሜው እየደረስኩበት ነው ይላታል። ስትቆጣ ደግሞ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያለ ይተርትባታል። ሰው አንጀቱ አርሮ ሳለ ተረት የሚነግረውን ባል እንዴት ይችለዋል?

ሰኔ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጤናዬ ከሚኒባስ ወርዳ ወደ ቤት አልሄደችም፤ ነጠላዋ በዝናብ እንደራሰ በቀጥታ ቤተ መጻሕፍቱ መጣች። የሥራ ባልደረባዋ ማሬ ደብረ ማርቆስ ለነርስነት ተመዝግባ መመለሷን የሰማችው ትናንት ማታ ነው። የኋላሸት እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አላየሁም ብሎ ማለላት። እውነቱን ነው፤ አላየም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። የሚያነበው ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት የወጣ ጽሑፍ ነበር።

«የዛሬው የታለ?» አለችው።

«ገና አልደረስኩበትም።»

ማውሱን ከእጁ ወስዳ ዝርዝሩን ወደ ላይ ገፋችው። ማስታወቂያው ከስምንት ቀን በፊት በወጡት ቁልል ውስጥ፣ እንደደመቀ፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። አራት ነርስ ይፈለጋል ይላል። ምዝገባው ያበቃው ትናንት፣ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ የኋላሸት አሁን ገና ደነገጠ።

«አንተ ስትደርስ እኔ ጡረታ እወጣለሁ» አለች ጤናዬ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እሱን ያስፈራውም ይኸው ነው።

ከላይ ቢጀምር የታቹ ይቀርበት እንደነበር ሊያስረዳት ሞከረ። ቢዘገይም አንዲት ጽሑፍ እንዳልዘለለ ደጋግሞ ነገራት። እሷ አልሰማችውም፤ አሁን ደግሞ ወደ ታች፣ ወደ ደበዘዙት እየወረደች ነበር። አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ጮክ ብላ አነበበችለት።

«የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ሉማሜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። አመልካች ስላልተገኘ ምዝገባው እስከ ሰኔ 20 ቀን ተራዝሟል።» ይኸውም የፊታችን ሰኞ ነው። ዞር ብላ አየችው። «ይህን ግን አንብበኸዋል።»

አንብቦታል፤ ሐሙስ ዕለት፣ ከፊደል እስከ ነጥቡ። እንዲያውም ምነው አንድ ሰው እንኳ ጠፋ ብሎ ለትምህርት ቤቱ አዝኖ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ትመጣለች ሲባል ኖረ እንጂ፣ እሱ ይሄዳል የሚል ነገር በሐሳቡ ውል ብሎ አያውቅም። አሁንም አፉ ያመጣለት ሌላ ነገር ነው።

«እዚያ እኮ መስመር የለም» አላት።

ጤናዬ ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች። ሰኞ በማለዳው ሚኒባስ እንደምትመለስ፣ የሚሳፈረው ሁለት ሰው ይሁን አንድ ሰው ግን እሱ እንደሚያውቅ ነግራው ወጣች።

ብቻውን ቀረ። ጥግ ላይ ያለው ቁጥር 843 ይላል። የየኔታ ድምፅ በጆሮው መጣበት፤ ከሐሙስ ወዲህ ያነበበውን ሁሉ ከመነሻው ሊያስጀምሩት ይገባ እንደነበር ገባው። አንዲት ጽሑፍ አልዘለልኩም ሲል፣ ለእሱ የምትሆነውን ማስታወቂያ ዓይኑ እያነበባት ልቡ ዘሏት ነበር። እሱ አፍጥጦ ሳለ ቁጥሩ 844 ሆነ።

ኮምፒውተሯን እንዲሁ እንዳለች አጠፋት። ከዚያም ዣንጥላውን እንኳ ሳያነሣ፣ የትምህርት ማስረጃውን የት እንዳስቀመጠው ሚስቱን ሊጠይቃት በዝናብ ተከተላት።