ትርንጎን ልንጠይቅ ወደ መካነ ሰላም

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

የእህቴ ልጅ ደሳለኝ መካነ ሰላም መምህር ነው። እዚያው ትርንጎ የምትባል ልጅ ወድዶ፣ ሽማግሌ ሆኜ ወደ አባቷ እንድሄድለት ለመነኝ። ችግሩ ግን አባቷ ጋሽ ይመር ልጅቷ ገና ሕፃን ሳለች ለጎረቤታቸው ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል። እምቢ ካሉ አገር ለቅቄ እጠፋለሁ ብሎ ደሳለኝ አስፈራርቶኛል። እኔም ከወሬ በቀር ሌላ ሙያ እንደሌለኝ እያወቅሁ ከደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ደፍኖት ሾፌሩ ከረዳቱ ጋር እየተጠያየቀ ነበር የሚነዳው። አቀስታ ወርደን በሰማንያ ብር ሽሮ በላን። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሽሮውን መልሶ ሊያስወጣኝ ምንም አልቀረውም። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ገበሬ የምሄድበትን ጉዳይ ሲሰሙ ሳቁ። እሳቸው የሚስታቸውን ፊት ያዩት በሠርጋቸው ማግስት ነው። ያን ጊዜ የወንድና የሴት ፍቅር ከጋብቻ በኋላ የሚመጣ፣ ካልመጣም ማንም የማይጠይቅበት ነገር እንደነበር አጫወቱኝ።

እሑድ፣ ረፋድ አራት ሰዓት

ከሁለት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ጋሽ ይመር ደጅ ደረስን። ግቡና ተቀመጡ ቢሉን፣ እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው የመጣሁትን ንግግር፣ የደሳለኝን ዘር፣ ሥራና ጠባይ ደረደርኩ። ጋሽ ይመር አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና ቃላቸውን ማጠፍ እንደሚከብዳቸው ነገሩን። ለደሳለኝ ምን ብዬ እንደምነግረው ጨነቀኝ።

ይኼኔ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ወጡ።

«እኔን ሲድሩኝ የጠየቀኝ ሰው የለም። እሷ ትጠየቅ» አሉ።

ጋሽ ይመርም ልጃቸውን ጠሩ። ትርንጎ አራት ዓመት ጅዳ ሠርታ የተመለሰች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። አባቷ ደሳለኝን ትፈልገው እንደሆነ ጠየቋት።

«አባቴ፣ ሽማግሌ ላክ ያልኩት እኔው ነኝ» አለች ቀና ብላ።

እናትየው እልልታቸውን አቀለጡት። ጋሽ ይመርም ለጎረቤታቸው ራሳቸው ሄደው ይቅርታ እንደሚጠይቁ ነግረው አስቀመጡን። ያ ሁሉ ንግግሬ ከንቱ ቢቀርም በደስታ መሬት ልረግጥ አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ደሴ

ወንድ መራጭ፣ ሴት ተመራጭ ናት ብዬ ነበር እዚህ ዕድሜ የደረስኩት። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ የሆነውን ሁሉ ሳወራላት አንድ ነገር ከነከነኝ። እሷንም ያገባኋት በሽማግሌ ነው፤ የተጠየቁት አባቷ ብቻ ነበሩ። አፍሬም ቢሆን፣ ታገቢኛለሽ ወይ አልኳት።

«ሃያ ስድስት ዓመት ዘገየህ» አለች። ከዚያ የምታጥፈውን ልብስ አስቀምጣ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «እሺ፣ አገባሃለሁ» አለችኝ።